ታብሌቱ አርጅቶ ነው ወይስ ሞልቶ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልን። ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ለበዓል ሊመጣ ሲል አንድ ጥያቄ ይበዛል፦ «ይህን ታብሌት ልቀይረው ወይስ ይቆየኝ?» መልሱን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሻጩ ነው፤ የሻጭ መልስ ደግሞ ይታወቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተደረገው የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ 20 ሺህ ብር ግድም ይወጣው የነበረ የ350 ዶላር ታብሌት፣ ቀረጡና ትርፉ ሳይታሰብ እንኳ ከ35 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ተሳስቶ መቀየር ያማል። በታብሌት ጥገና የምንተዳደር ሰዎች ይህን የጻፍነው ለዚያ ነው።

አቋማችን አጭር ነው። ታብሌት በአብዛኛው የሚያበቃለት በሁለት ነገር ነው፦ ራሙ (አፖች ሲከፈቱ የሚሠሩበት ጊዜያዊ ቦታ) ሲያንስና የሶፍትዌር ድጋፉ (ከአምራቹ የሚመጣው ማደሻ) ሲያልቅ። እነዚህ ሁለቱ ጥገና የላቸውም። ባትሪ፣ ስክሪን፣ የቻርጅ ፖርት፣ መንቀራፈፍ ግን በአብዛኛው ወይ በነጻ ወይ በመለስተኛ ወጪ ይስተካከላሉ። ችግሩ ሰው በሚጠገነው ተማርሮ አሮጌውን ይጥላል፣ አዲሱን ሲገዛ ደግሞ የማይጠገነውን ሳያይ ይገዛል።

ከመንቀራፈፉ እንጀምር። «ስታክ ያደርጋል» ከሚባሉት ታብሌቶች ብዙዎቹ አላረጁም፤ ሞልተዋል። የሚሞላቸው ደግሞ በእኛ አገር ልማድ ቴሌግራም ነው። አንድ ሰው አምስት የፊልም፣ ሦስት የመዝሙር፣ ሁለት የፈተና ጥያቄ ቻናል እየተከታተለ አውቶማቲክ ዳውንሎዱን ሳያጠፋ ስድስት ወር ቢቆይ፣ በ32 ጂቢ ታብሌት ላይ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። ከ32ቱ ሲስተሙ ብቻውን ከ10 ጂቢ በላይ ይዟል። ባለቤቱ ጋለሪውን ከፍቶ «ምንም የለበትም እኮ» ይላል፤ ካሽ (አፑ አውርዶ ያስቀመጠው ፋይል) ግን ጋለሪ ውስጥ አይታይም።

ቴሌግራምን ይክፈቱና ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ቀጥሎ ስቶሬጅ ዩሴጅ ይግቡ። ክቡ ምስል ላይ ካሹ ስንት ጂቢ እንደያዘ ይታያል። ክሊር ካሽ ሲሉት ቪዲዮውና ፋይሉ ከታብሌቱ ይጠፋል እንጂ ከቴሌግራም አይጠፋም፤ በሚፈለግበት ጊዜ እንደገና ይወርዳል፣ ዳታ ግን ይበላል። እዚያው ገጽ ላይ ፋይል በራሱ ጊዜ የሚጠፋበትን ቀን መወሰን ይቻላል፤ ለቻናሎች አንድ ሳምንት ይበቃል። ወደ ኋላ ተመልሰው አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድን ካላጠፉ ግን በወሩ ያው ነው። ይህን በዋትስአፕ ላይ እንዳይሞክሩት! ዋትስአፕ ፎቶና ቪዲዮን በሰርቨሩ ላይ አያቆይም፤ ከታብሌቱ የጠፋው ጠፋ ነው።

ቦታ መሙላቱ ፍጥነትን የሚገድልበት ምክንያት አለ። የታብሌት ሚሞሪ (ስቶሬጁ) በተጻፈበት ላይ ደርቦ አይጽፍም፤ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ክፍል አጥፍቶ ነው የሚጽፈው። ጆንያ እስከ ጣሪያ በተደረደረበት መጋዘን አንድ ኩንታል ጤፍ ለማስገባት ሌላውን ከቦታ ቦታ ማገላበጥ ግድ እንደሚሆነው ነው። ርካሽ ታብሌቶች ላይ የሚገጠመው ኢኤምኤምሲ የሚባለው ሚሞሪ ደግሞ እኩል ማንበብና መጻፍ ስለማይችል መጨናነቁ በዓይን ይታያል፤ ፊደሉን ከነኩት ከሁለት ሰከንድ በኋላ ነው ኪቦርዱ የሚያመጣው። ስለዚህ ቢያንስ 15 ከመቶው ባዶ ይሁን፤ ለ64 ጂቢ ታብሌት 10 ጂቢ ገደማ መሆኑ ነው።

ጽዳቱ ካልረዳ የሚፈለገውን ነገር ሌላ ቦታ ገልብጠው ሪሴት ያድርጉትና (ያለበትን ሁሉ አጥፍተው እንደ አዲስ ያስጀምሩትና) ምንም አፕ ሳይጭኑ አንድ ቀን ይሞክሩት። ባዶውን የሚሮጥ ከሆነ ታብሌቱ ደህና ነው፤ አፖቹን አንድ በአንድ እየጫኑ የትኛው እንደሚያዝገው ይደረስበታል። ባዶውንም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ወይ ራሙ አይበቃውም ወይ ሚሞሪው ራሱ አልቋል፤ ያኔ ስለ መቀየር ማሰብ ያስኬዳል። «ፍላሽ ካልተደረገ (ሲስተሙ በኮምፒውተር እንደገና ካልተጫነ) አይሆንም» ሲባሉ ግን አይቸኩሉ። ሶፍትዌሩ ካልተበላሸ በስተቀር ፍላሽ የሚያመጣው ለውጥ ሪሴት ከሚያመጣው አይለይም፤ ልዩነቱ የሚከፈለው ብር ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ «ቻርጅ አይዝም» የሚለው ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቀስ ብሎ መሙላት ነው፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የቻርጀሩ ነው። ሂሳቡን እንየው፦ የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ8 ባትሪ 7040 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ በ3.85 ቮልት ቢባዛ 27 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። በ5 ዋት የስልክ ቻርጀር ብንሞላው፣ በመንገድ የሚባክነው ተጨምሮ ሰባት ሰዓት ይጠጋል፤ እየተነካካ ከሆነ ጭራሽ ላይሞላ ይችላል። በ15 ዋት ሦስት ሰዓት ግድም ይበቃዋል። መብራት በፈረቃ በሚሆንበት ሰፈር ይህ ልዩነት ታብሌቱን «ጤነኛ» ወይም «በሽተኛ» ያሰኘዋል። ቻርጀሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ይመልከቱ፤ 5 ቮልት 1 አምፒር የሚል ከሆነ 5 ዋት ነው። የኬብሉንም ነገር አይርሱ፤ ቀጭን ኬብል ጥሩውን ቻርጀር ከንቱ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ፖርቱ ነው። ኬብሉ ጠቅ ብሎ ሙሉ በሙሉ ካልገባ፣ ውስጡ የቦርሳና የኪስ ብናኝ ታምቆበታል። ታብሌቱ ጠፍቶ፣ በቀጭን የጥርስ እንጨት ከጠርዙ በኩል ቀስ ተደርጎ ይወጣል። መርፌ አይነካውም፤ ታይፕ-ሲ መሃሉ ላይ ያለችው ምላስ ከታጠፈች ወይም ሁለት እግር ከተገናኘ የአምስት ደቂቃው ሥራ የቦርድ ሥራ ይሆናል።

ሦስተኛው እውነተኛው የባትሪ ማርጀት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ 100 ከመቶ ሞልቶ፣ ብርሃኑ ግማሽ ላይ ሆኖ፣ ዋይፋይ ጠፍቶ፣ የተጫነ ቪዲዮ አንድ ሰዓት ሙሉ ይታይበት። ጤነኛ ባለ 10 ኢንች ታብሌት 10 ከመቶ ገደማ ይጥላል። ከ20 በላይ ከጣለ፣ ወይም 30 ላይ እያለ ድንገት ከጠፋ ባትሪው አልቋል። አፕል የአይፓድ ባትሪ 1000 ጊዜ ሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላም 80 ከመቶ አቅሙን እንዲይዝ ሆኖ መሠራቱን ይገልጻል፤ ለአንድ ተማሪ ይህ ከሦስት ዓመት በላይ ነው። ስንት ጊዜ እንደተሞላ ለማወቅ ብዙዎቹ የአይፓድ ሞዴሎች ላይ በኮምፒውተር ስሪዩቱልስ በሚባለው ፕሮግራም ማየት ይቻላል፤ ጠጋኝ ዘንድ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ባትሪ ሲቀየር የሚታዩ ነገሮች አሉ። ከፋብሪካ 7040 ይዞ ለወጣ ታብሌት፣ በዚያው መጠን 9000 ወይም 10000 ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ ከመጣ ጽሑፉ ውሸት ነው፤ ያቺ ቦታ ያን ያህል አታስቀምጥም። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየ ባትሪም «አዲስ» አይባልም፤ ሊትየም ሳይነካም ያረጃል። ስክሪኑ በሙጫ የተያዘ በመሆኑ በሙቀት ነው የሚለቀቀው፤ የሚቸኩል እጅ ኤልሲዲውን (ምስሉን የሚያሳየውን ክፍል) ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከመከፈቱ በፊት «ሲከፈት ስክሪኑ ቢሰበር በማን ነው?» ብሎ መነጋገር ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ስክሪኑ ከአንድ ጥግ ከፍ ካለ፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ወይም ነጭ ጥላ ከታየ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ከተንገዳገደ ባትሪው አብጧል። በዚያችው ሰዓት ከቻርጅ ይነቀል፤ አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ለልጅ አይስጡት። ቀንና ሌሊት ቻርጅ ላይ ተሰክቶ የሚውል ታብሌት፣ ለምሳሌ ሱቅ ውስጥ ለሂሳብ የሚያገለግለው፣ በዚህ ይጠቃል። ሳምሰንጎች ላይ ባትሪን ለመጠበቅ ሲባል ሙሌቱን 85 ወይም 80 ከመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ አለ፤ ተሰክቶ ለሚውል ታብሌት ይብራለት።

ስለ ስክሪን ደግሞ ብዙ ብር የሚያስወጣ አንድ ስህተት አለ። «ተቹ አብዷል፤ በራሱ ይጽፋል፣ በራሱ ይከፍታል» ሲባል መጀመሪያ ቻርጀሩን ይንቀሉት። ሲነቀል ከዳነ ስክሪኑ ጤነኛ ነው። ርካሽ ቻርጀሮች የኤሌክትሪኩን ጩኸት በደንብ ስለማያጣሩት፣ ጩኸቱ በኬብሉ በኩል ወደ ተቹ ይገባል፤ ተቹ ደግሞ የሚሠራው የጣትን ጥቃቅን ኤሌክትሪክ በመለካት ስለሆነ ጩኸቱን ጣት ይመስለዋል። ደህና ቻርጀር ሲገዛለት ያልፋል። ሳይሰካም የሚያብድ ከሆነ ግን የስክሪን ጉዳይ ነው።

የተሰበረ ስክሪን ያስጥላል ወይስ ያስጠግናል? በሞዴሉ ይወሰናል። ባለ ሆም በተን 9ኛው ትውልድ አይፓድና 10ኛው ላይ የላዩ መስታወትና ኤልሲዲው ለየብቻ ናቸው፤ ምስሉ ደህና ሆኖ መስታወቱ ብቻ ከተሰነጠቀ መስታወቱ ብቻ ይቀየራል። አይፓድ ፕሮና ከኤር 2 ወዲህ ባሉት ኤሮች ላይ ግን ሁለቱ የተጣበቁ ናቸው፤ ስንጥቅ ማለት ሙሉ ስክሪን ማለት ነው። በ9ኛው ትውልድ ላይ የምትጠነቀቁት የሆም በተኗን ገመድ ነው። የጣት አሻራው ከዚያው ቦርድ ጋር የተጣመረ ስለሆነ፣ ገመዷ ከተቀደደች ሌላ በተን ቢገጠምም አሻራው አይመለስም። መስታወት ለማስቀየር ሲሰጥ አሻራው እየሠራ መሆኑን ፊት ለፊት አሳይቶ መስጠት፣ ሲረከቡም መሞከር ጥሩ ነው። የእኛ ልክ ይህ ነው፦ የጥገናው ዋጋ ያው ሞዴል ያገለገለው ከሚሸጥበት ከግማሽ በላይ ከሆነ አንጠግነውም፣ እንዲጠገንም አንመክርም።

አሁን ወደማይጠገነው እንምጣ። ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ አይጨመርም። ዛሬ 2 ጂቢ ራም ያለው ታብሌት ለሙዚቃና ለመጽሐፍ ካልሆነ አይጠቅምም። 3 ጂቢ አንድሮይድ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ይከፍታል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ግን የመጀመሪያው ከዜሮ ይጀምራል። ስካን የተደረገ ወፍራም የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ገጽ ሲገለጥ ነጭ ሆኖ የሚቆየው በዚህ ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው ከ4 ጂቢ በታች አይንካ፤ ለአራትና ለአምስት ዓመት የሚፈልገው 6 ወይም 8 ይያዝ። «8 ጂቢ» ሲባል ደግሞ በቅንፍ «4+4» የሚል እንዳለበት ይታይ። ሁለተኛው 4 ራም አይደለም፤ ከስቶሬጁ ተቆርሶ እንደ ራም የተቆጠረ ቦታ ነው፣ ፍጥነቱም ከራም ጋር አይወዳደርም።

የሶፍትዌር ድጋፍ ከራምም ይብሳል፤ ታብሌቱ እየሠራ አፖቹ ይከዱታልና። ክሮም ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንድሮይድ 8 እና 9 ላይ አይታደስም፤ አንድሮይድ 10 ይጠይቃል። የባንክ አፖችም በየጊዜው ዝቅተኛውን ደረጃ ከፍ ያደርጋሉ። በአይፓድ በኩል 5ኛው ትውልድ (2017) አይፓድኦኤስ 16 ላይ ቆሟል፣ 6ኛው (2018) 17 ላይ፣ 7ኛው (2019) 18 ላይ። 8ኛውና 9ኛው 26ን ይቀበላሉ። እዚህ ላይ፣ ከ18 ወደ 26 የተዘለለው አፕል በ2025 አቆጣጠሩን ከዓመቱ ጋር ስላስማማ ነው እንጂ በመሃል ሰባት ትውልድ ስላለፈ አይደለም። «የአንተ 18 ላይ ነው፣ አሁን 26 ደርሷል» እያለ የሚያስደነግጥ ሻጭ ይህን ያውቃል ወይም አያውቅም፤ ሁለቱም አያስመሰግነውም።

በብዛት እጅ ላይ ያለውን ታብ ኤ8ን ይዘን ደግሞ ጥያቄውን ከቅርብ እንየው። የስሙ ወጥመድ ይቅደም። ከኤ8 በኋላ ኤ9 የሚል ሲያይ ሰው ቀጣዩ ይመስለዋል። አይደለም። ኤ9 ባለ 8.7 ኢንች ትንሽ ታብሌት ነው፤ ስክሪኑ 1340 በ800፣ ባትሪው 5100። የኤ7 ላይት ተተኪ እንጂ የኤ8 አይደለም። ከኤ8 10.5 ኢንች ወደ ኤ9 የሄደ ሰው ብር ጨምሮ ስክሪን ቀነሰ ማለት ነው። የኤ8 ተተኪ በ2023 የወጣው ኤ9 ፕላስ ነው፤ ከዚያ ኤ10 የሚባል ሳይኖር በ2025 ኤ11 (ትንሹ) እና ኤ11 ፕላስ (ትልቁ) መጡ። ካርቶኑ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር አይዋሽም፦ ኤስኤም-ኤክስ200 ኤ8 ዋይፋይ ብቻ፣ ኤክስ205 ኤ8 ባለ ሲም፣ ኤክስ210 ኤ9 ፕላስ ዋይፋይ ብቻ፣ ኤክስ216 ኤ9 ፕላስ ባለ ሲም።

ከኤ8 ወደ ኤ9 ፕላስ ሲኬድ ምን ይገኛል? ባትሪው ያው 7040 ነው። ቻርጁ ያው 15 ዋት። የስክሪኑ ጥራት ያው 1920 በ1200። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳና የሚሞሪ ካርድ ቦታ ሁለቱም ላይ አሉ። የተለወጠው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ከዩኒሶክ ቲ618 ወደ ስናፕድራገን 695፣ ይህም እውነተኛ መሻሻል ነው። ስክሪኑም 11 ኢንች ሆኖ በሰከንድ ከ60 ወደ 90 ጊዜ ይታደሳል፤ ጽሑፍ ወደ ላይ ሲጎተት ይለሰልሳል፣ ፊልም ላይ ግን ልዩነቱ አይታይም። በሶፍትዌር ኤ8 አንድሮይድ 14 ላይ ቆሟል።

ስለዚህ 4 ጂቢ ራም ያለው ኤ8 የያዘ ሰው 4/64 (4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ስቶሬጅ) የሆነውን ኤ9 ፕላስ መግዛቱ ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነን። ራሙ ያው ነው፣ ከዓመት በኋላም ያው ቅሬታ ይመለሳል። 8/128ቱ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። ኤ11 ፕላስ ደግሞ ከ6/128 ይጀምራል፣ በ25 ዋት ይሞላል፣ ከሁሉ በላይ ግን ሳምሰንግ ሰባት ትውልድ አንድሮይድ እንደሚሰጠው አስታውቋል። ኤ8ን በጽዳትና በባትሪ አንድ ዓመት አቆይቶ፣ ሲቀይሩ መሃለኛውን ዘሎ ወደዚህ መሄድ ይሻላል። 3 ጂቢ ራም፣ 32 ጂቢ ስቶሬጅ ያለውን ኤ8 የያዘ ግን አይጠብቅ።

አይፓድ ያለው ሰው ጉዳይ ያጥራል። 9ኛው ትውልድ ደህና ከሆነ ይቆይ። 10ኛው ታይፕ-ሲ ቢያመጣም የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን አስቀርቷል፤ የመጀመሪያውን አፕል ፔንስል የያዘ ሰውም እርሱን ለማገናኘትና ለመሙላት መለወጫ መግዛት አለበት። በ2025 የወጣው ኤ16 የሚባል ፕሮሰሰር ያለው አይፓድ ከ128 ጂቢ መጀመሩ ጥሩ ነው። የአፕልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አያሠራም የሚለው ወቀሳ ደግሞ ለአማርኛ ተጠቃሚ አያስጨንቅም፤ አገልግሎቱ ራሱ አማርኛ አያውቅም። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። የዚህ አይፓድ ባለ ሴሉላሩ ዓይነት የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ ኢሲም (ያለ ካርድ በሶፍትዌር የሚከፈት ሲም) ብቻ ነው የሚቀበለው። ውጭ ያለ ዘመድ «ሲም የሚወስደውን ላክልኝ» ተብሎ ይህን ገዝቶ ሲመጣ ሲሙ የሚገባበት የለም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የሚጠቀሙበትን ቴሌኮም ለታብሌት ኢሲም ይከፍትልኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ያለው፣ ውጭ ሲወጣም ከስልኩ በሆትስፖት የሚጠቀም ሰው ለሴሉላር የሚጨምረው ገንዘብ ትርፍ ወጪ ነው።

ከአሜሪካ የሚመጡ ያገለገሉ አይፓዶች ላይ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። ከትምህርት ቤትና ከድርጅት የወጡ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ አሁንም በዚያ ድርጅት ስም የተመዘገቡ ናቸው። ሲገዙ ይከፈታሉ፣ ይሠራሉ። ሪሴት ተደርገው ከዋይፋይ ጋር ሲገናኙ ግን የድርጅቱ የርቀት ቁጥጥር ይመለስና ይዘጋሉ። ጠጋኝ በኮምፒውተር «አለፍኩት» ቢል እስከሚቀጥለው ሪሴት ነው። የአይክላውድ መቆለፊያም እንዲሁ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ፓስወርድ ከሌለ ያ አይፓድ መለዋወጫ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ሻጩ ፊት ሪሴት አድርጎ፣ ከራስ ስልክ ሆትስፖት ጋር አገናኝቶ፣ የመጀመሪያው የአፖች ገጽ እስኪመጣ ድረስ ሄዶ ማየት። 15 ደቂቃ ይወስዳል። ሻጩ «አሁን አይመችም» ካለ ለገዢም አይመችም። ሳምሰንግ ላይም የጉግል አካውንት መቆለፊያ በዚሁ መንገድ ይፈተሻል።

አዲስ ካርቶን ውስጥ ያለውም ቢሆን አይታመንም። ስሙ የማይታወቅ፣ «12 ጂቢ ራም፣ 512 ጂቢ» የሚል፣ ዋጋው ግን ከሁሉ ያነሰ ታብሌት ሴቲንግሱ ራሱ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አባውት የሚለው ገጽ ላይ ያለው ቁጥር ምስክር አይሆንም። ሲፒዩ-ዜድ የሚባለውን አፕ ጭነው የፕሮሰሰሩን ስምና የስክሪኑን ጥራት ይመልከቱ፤ 1024 በ600 ወይም 1280 በ800 ስክሪን ይዞ 12 ጂቢ ራም የሚገጥም ፋብሪካ የለም። ከተቻለ 20 ጂቢ የሚሆን ፊልም በፍላሽ ገልብጠው መጨረሻ የገባውን ከፍተው ያጫውቱ። ቦታው የውሸት ከሆነ ፋይሉ ስሙ ይታያል፣ ሲነካ አይከፈትም።

በመጨረሻ፣ መቀየሩ ከተወሰነና አሮጌውን ሰጥቶ በላዩ ጨምሮ ለመለወጥ ከታሰበ፣ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ፎቶና ፋይል ይገልበጥ። ከዚያ ሳምሰንግ ላይ የጉግልና የሳምሰንግ አካውንቶች ከሴቲንግስ ይውጡ፤ አይፓድ ላይ ከአይክላውድ ይውጡ። ሪሴቱ ከዚያ በኋላ፣ ከሴቲንግስ ውስጥ ነው የሚደረገው። አካውንቱ ሳይወጣ በበተን ተጭኖ በሪከቨሪ ሪሴት ከተደረገ መቆለፊያው ይዘጋውና ገዢው ታብሌቱን ይዞ ይመለሳል። ከስልክዎ ቴሌግራም ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍተው የአሮጌውን ታብሌት መስመር ይዝጉ። የሚሞሪ ካርዱንና ሲሙን ያውጡ፤ ተረስተው የሚቀሩት ሁሌም እነርሱ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፤
የሞባይልና ታብሌት ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ